ቁጥር ሥልሳ ሦስት

ቢርጃንድ ላይ ሌሊቱ ደረቅ ነው፤ ነፋስ መስኮቱን በአሸዋ ይቀጠቅጣል፣
ክፍል አራት ሹኩፌ ተኝታለች፤ እግሯ ገና ከሷ ርቋል።
ልጇ ወጥቷል፣ ሆዷ ተሰፍቷል፣
መርፌው በገባበት አከርካሪዋ ላይ ግን የፀጉር ያህል ቀዳዳ ቀርቷል።

«ቀና አትበይ» አልኳት፣ «ያ ራስ ምታት ነው ተንኮለኛ፣
አንቺ ስትቀመጪ የሚነሣ፣ አንቺ ስትጋደሚ የሚተኛ።
ልጄን ልቀፍ ስትይ ጠብቆ
ማጅራትሽን ይዞ ወደ ትራስ ይመልስሻል፣ አስጨንቆ።»

እኔ ፈርዛኔ ነኝ፣ የጥናቱ አዋላጅ፤ ሥራዬ ቆጥሮ ማደል፣
ሁለት ጠርሙስ፣ አንድ ዓይነት እንክብል፤
ግማሹ ዝንጅብል፣ ግማሹ የበቆሎ ዱቄት፣
የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅ፤ ፖስታ ውስጥ ነው የታሸገበት።

አባቷ ያዱላህ ገባ፣ የባዛሩ መድኃኒት ቀማሚ፣
ኪሱ ካሞሚል፣ ጺሙ ላቬንደር፣ ራሱም ቢሆን የወገብ ታማሚ።
እንክብሏን ከመዳፌ አነሣት፤ በሁለት ጣቱ ጨመቃት፤ አሸተታት፤
ዓይኑ ወደ እኔ መጣ። ቁጥር ሥልሳ ሦስት ናት።
ዱቄት መሆኗን አወቀ። ማወቁን አወቅሁ።
ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ እስትንፋሴን ዋጥሁ።

«ዋጪያት» አላት፣ «ዝንጅብል ናት፤ ያውም አንጀት አቃጣይ፣
ነገ ራስሽ ጥርት ይልልሻል፣ እንደ በረሃችን ሰማይ።»

ጥርት አለላት።
በሁለተኛው ቀን ተቀመጠች፤ ልጇን አቀፈች፤ ሳቀች፤
«ራስ ምታት፦ የለም» ብዬ ጻፍሁ፤ ብዕሬ ግን አመነታች።
በሠንጠረዤ ለዝንጅብሉ ዓምድ አለ፣ ለዱቄቱም ዓምድ አለ፣
ለአባት ውሸት የሚሆን ግን የትኛውም ገጽ ላይ የለ።

አልጋ ስድስት ላይ ደግሞ ማህጋንጅ፣
ጠያቂ ያልመጣላት የባሉች ልጅ፣
ባገሳች ቁጥር ዝንጅብል ዝንጅብል እየሸተተች
አምስት ቀን ሙሉ ግንባሯን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ያዱላህ ልጁን አሳፍሮ ሊሄድ ሲል፣ ተመልሶ ከአልጋዋ ዘንድ ቀረ፣
መሐረቡን በጽጌረዳ ውኃ ነክሮ ግንባሯ ላይ አኖረ።
ከጥናቱ ውጭ አንዳች መድኃኒት አይሰጥም፣ ደንቡ ይላል፤
እኔ ያኔ መስኮቱን እየዘጋሁ ነበር፤ አሸዋ ይገባል።