ነባሪ

ነገ አርባ ራውተር ከኮምቦልቻ ይጫናል፣
ለቃሉ፣ ለወረባቦ ጤና ጣቢያ፤
ከፍቶ የሚያርመው የለም እዚያ።
ዛሬ ማታ የተውኩት ቁጥር
እዚያው ከርሞ እዚያው ሊኖር።

«ቺፑ ይሸከመው» አለ ይመር፣ «ዋናው አንጎል ይረፍ»፤
እውነቱን ነው፣ ይፈጥናል፤ ግን ሰልፍ አያይም ሲያልፍ፣
የአንዱ ፊልም በሩን ሞልቶ
የነርስ ሙሚና የደም ውጤት ደጅ ቀርቶ።

አባቴ በቦርከና ዳር የውሃ አባት ነበር፤
ቦይ ሲያካፍል፣ በዶማ ጫፍ፣ በጭቃ ድንበር፣
የቀረውን ሰው ማሳ ቀድሞ ያጠጣል፣
«የመጣማ አፍ አለው» እያለ።

ቺፑን አሳረፍኩት።
ከመስመሩም ከመቶ አስር ቀነስኩ፣
ሰልፉ እኛ እጅ እንዲሆን።
ይመር ሳቀ፦ «ፍጥነት የሚለካ ይሰድብሃል።»

ይስደበኝ።
የሚለካ ሰው መቀየሪያውን አያጣውም።