ይቆይ

ከተማችን ፍኖተ ሰላም ናት፣ የሰላም መንገድ ማለት፤
ሰላሙ በደጄ ያልፋል፣ ገብቶ አያውቅም ግን አንድ ዕለት።
ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው፣ አንዱ እግሩ ከሦስቱ አጥሮ፣
በታጠፈ ካርቶን ቆሟል፤ ይወዛወዛል ስጽፍ አብሮ።
ከአጥሩ ማዶ እትየ ጠጀ በርበሬ አስጥተዋል፣
ነፋስ ባነሣው ቁጥር አስነጥሳለሁ፤
ያነሣሁት ሐሳብ ይወድቃል።

ሥራዬ የሰው መጽሐፍ ማረም ነው።
ሰፈሩ ግን ሥራ ፈት ነው የሚለኝ፤
"መቼም አንቺ ቤት ነሽ" እያለ
ቁልፉን ትቶብኝ ይሄዳል፣
ጫጩቱን ከጭልፊት ጠብቂ ይለኛል።
የራሴ መጽሐፍ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣
ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው።

ቢተው ኢሱዙ ይነዳል፣ ከቡሬ አዲስ አበባ፤
ሰኞ ወጥቶ ሐሙስ ይመጣል፣
አንዳንዴም ቅዳሜ ሳይገባ።
ያረምኩትን ረቂቅ በበርበሬ ጆንያ መሀል ሸጉጦ
ያደርስልኛል ላሳታሚው።
አንድ ቀን ሰውየው ደውሎ፣
"ገጽ አርባ ላይ ቢሮው በሙሉ አስነጠሰ" ቢለኝ
ሳቅን፣ ሁለታችንም፣ እስኪደክመን።
ከዚያ ወዲህ ግን ይመስለኛል፣
የነካሁት ቃል ሁሉ ጥቂት ያቃጥላል።

ቢተው ሲጽፍ ፊደል ይውጣል።
አንድ ሌሊት "ደጅ ደረስኩ" ብሎ ላከ፤
ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ።
ጨረቃና የእትየ ጠጀ ውሻ።
ለካ "ደጀን" ሊል ኖሯል፣
የዓባይን በረሃ ወጥቶ፣ ገና አፋፉ ላይ ቆሞ።
አላረምኩትም።
በሩን ገርበብ አድርጌ ተኛሁ ደግሞ።
በኛ ቋንቋ ባለቤቱ ባይጠራም
ግሡ ውስጥ ተደብቆ አለ፤
"መጣ" ሲሉ እሱ አለበት፣
ማንም ስሙን ሳይል።

ልጃችን በእምነት ሰባት ዓመቷ ነው፤
ከትምህርት ቤት ስትመጣ
ጫማዋን ሳትፈታ ክንዴ ሥር ትገባለች።
"ቆይ" እላታለሁ። "ቆይ፣ ይችን ገጽ ብቻ።"
ገጽ ግን ገጽ ይወልዳል፣
"ቆይ"ም "ቆይ"ን።

ማክሰኞ ነው። ረቂቁ በነጋታው ሊሄድ፣
የእትየ ጠጀ ቁልፍ አጠገቤ፣
ወረቀት አምጥታ አስቀመጠች ፊቴ።
በእርሳስ፣ መስመሩን እየሳተ፦
"እማየ እወድሻለው።"
እጄ ነው። እጄ ነው እንጂ እኔ እኮ አላሰብኩም፣
በቀዩ እስክሪብቶ "ው"ን ሰርዞ
"ሁ" ብሎ የጻፈው።

አየችው ረጅም።
"ስትናገሪው እኮ 'ው' ነው የሚለው" አለች።
እውነቷን ነው፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃል።
አላለቀሰችም። ሄዳ ጫማዋን ራሷ ፈታች፣
አድርጋው የማታውቀውን
ጎን ለጎን አሰልፋ አኖረችው፣
እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው።

ማታ መብራት ጠፋ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲያወርደው፣
በሻማ ያችን ወረቀት ፈለግኋት፣
ከኮሌታዬ ሥር የተገኘሁ ሌባ ይመስል እያፈርኩ።
እኛ አራሚዎች አንድ ምልክት አለን፦
የሠረዝነው ልክ ሆኖ ሲገኝ
ከሥሩ ነጠብጣብ እንደረድራለን፣
ኅዳጉ ላይ "ይቆይ" እንላለን።
ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ተከልኩ፣
ከ"ው" ሥር፣ እንደ ዘር።
"ይቆይ" አልኩ በቀዩ።
ቀን ሙሉ "ቆይ" ስል የዋልኩባትን ፊደል
አንዲት "ይ" ጨምሬ መለስኩላት።
ቢተው ቢኖር "ለዚች ነው ይኼ ሁሉ?" ባለኝ፤
ቢኖር ደግሞ አቅፎኝ በሳቀ።

ጠዋት ወረቀቷን አገኘችው፣ ዳቦዋን በእጇ ይዛ።
ጣቷን እያስኬደች አነበበች፣
"ይ... ቆ... ይ።"
ቀና ብላ አየችኝ፣
እንደሚጠረጥር ነጋዴ።
"እስከ መቼ?" አለች፣
የጫማዋን ማሰሪያ ገና ሳታስር።