አራት ጣት ከጉልበት በላይ

ባለቤቴ ዊብረን፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣
በሃርሊንገን ወደብ፣ ንፋሱ ሲያገሳ፣
አስራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስንተኛ
አንድ ሌሊት ነገረኝ፣ ከንቅልፉ ሲነሳ።

«ግራ እግሬ የኔ አይደለም» አለኝ። ሳቅሁ።
(ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።)
«ጤነኛ ነው። ይራመዳል። ፔዳል ይረግጣል።
ግን ከጉልበቴ በላይ፣ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣
እኔ አበቃለሁ።
ከዚያ በታች እንግዳ ነው፤
በስድስት ዓመቴ ያወቅሁት እንግዳ።»

እህቱ አኬ፣ «አብዷል» አለች።
አብዷል? የደንበኛ ሒሳብ በሳንቲም አይስት፣
የተጣመመ ቸርኬ በዓይኑ ያቃናል።
ፓስተሩ፣ «ራሱን ጠልቶ ነው» አሉ።
ሰው የጠላውን ገላ
እንዲህ በለብታ ውሃ ጣት በጣት ያጥባል?
ጎረቤቱ፣ «እንዲያዝኑለት ፈልጎ!»
ሐዘኔታ የራበው ሰው
አርባ ዓመት አፉን ይዘጋል?

እኔስ? እኔ መጋዝ ደበቅሁ።
ሲፈልግ ዋለ፤ ማታ፣
«የአጥሩ እንጨት በስብሷል እኮ» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።
ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሐኪሟ፣ «ምናልባት አንጎሉ የገላውን ካርታ ሲስል
ያንን እግር ዘሎት ይሆናል፤
በውል ግን አናውቅም» አለች።
አናውቅም።
ከሰማሁት ሁሉ ያሳረፈኝ እሱ ቃል ነው።

ዛሬ ማታ መዳፌን ጭኑ ላይ አኖርሁ።
«የት ነኝ?»
«እኔ ጋ።»
ወረድ አልሁ፣ አራት ጣት።
«አሁንስ?»
«እንግዳው ጋ።»
እንግዳም ቢሆን ቤታችን ያደረ ነው፤
ብርድ ልብሱን ስቤ
እስከ ጣቱ ጫፍ አለበስሁት።