ለአንድ ነጥብ

ደብረ ማርቆስ ዛሬ ዝናቡ አባርቷል፣
የቆርቆሮው ጠብታ በሩ ላይ ይመታል።
ከጮቄ የወረደው ጉም ገና አልተመለሰም፣
ከተማው ግራጫ ነው፤ ለእኔ ቢጤ አይከፋም።
ጋሽ ይበልጣል ቆሟል ባንኮኒውን ተደግፎ፣
መነጽሩን ያብሳል የሹራቡን ጫፍ አጥፎ።
"ወረቀት ነው?" አለኝ፤ "ትናንት የገባ አለ፣
ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ወተት የመሰለ።"

"ወረቀቱስ አለኝ" ብዬ ዘረጋሁት፤
የሲሚንቶ ከረጢት፣ ውስጡን የለየሁት፣
በእርጥብ ጨርቅ አብሼ፣
ከመጽሐፍ ሥር ከትቼ ሳምንት ያስተኛሁት።
ሳቀብኝ። "ይሄማ ሳትነኪው ቆሽሿል፤
ምን ይታይበታል? ከወዲሁ መሽቷል።"

አልመለስኩለትም።
ነጭ ወረቀት ላይ ጥላው ሁሉ የእኔ ዕዳ፣
ከአገጭ እስከ ግንባር ፊት የማረስ ፍዳ።
በዚህ ግን ግማሹ ቀድሞ ተሠርቷል፣
ግማሽ መንገድ መጥቶ ፊቱ ይጠብቀኛል፤
ጨለማ ስጨምር ወደ ኋላ ይገባል፣
ብርሃን ስጨምር ወደ እኔ ይቀርባል።

"ከሰልስ?" "ለማንደጃ?" "አይደለም፣ ለጺም ነው።"
ቀጭን ቀጭኑን መርጦ ከካርቶን አወጣው።
ጣቴ ላይ ሞከርኩት፤ ለስላሳ ነው፣ ይበናል፣
ለጉንጩ ጉድጓድ ግን እሱ ይሆነኛል።
ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያው የተማሪውን፣
ደርቤ ለማስመር የአንገት ደም ሥሩን።
ቀይ ቀለም አልገዛም፤ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣
ለከንፈር የሚሆን ቀይ አፈር ደጅ ሞልቷል፣
በሙጫ ሲለወስ ወረቀት ይይዛል።

ነጩ ላይ ስደርስ ነው እጄ የዘገየ፤
ጠመኔ በትንፋሽ ስንቴ ከፊት ተለየ።
እርሳስ አለ በሣጥን፣ ባለቀለም፣ ዐሥራ ሁለት፣
አንዷ ነጭ ናት ከመሐል፣ ልጅ የማይነካት።
"ነጠላ ሽጥልኝ።" "ዐሥራ አንዱን ምን ላድርግ?
ልጅ ሣጥን ነው እንጂ ነጠላ መች ይፈልግ!"

አባቴ ግንበኛ ነው። ነበር ልበል መሰል።
ማታ ሲገባ ቅንድቡ ወፍጮ ቤት ያደረ ይመስል፣
ዐይኑ ብቻ ጥቁር፣ ሌላው ግራጫ ሆኖ፣
"ቆዩ፣ አትሳሙኝ" ይላል፣ በር ላይ ውሃ ለምኖ።
ይህ ከረጢት የሱ ነው። ከቤታችን ጣራ
ሥር አገኘኋቸው፣ ሰባት፣ የታሰሩ በተራ።
የአንዱን ስፌት ባራግፍ ትንሽ ትቢያ ወረደ፤
ለቅንድቡ ብዬ በውሃ ለወስኩት፣
ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ከወረቀቱ ሄደ።

ሣጥኑን ገዛሁት። ዐሥራ አንዱ ለትሁኔ፣
ለጎረቤት ልጅ። ነጩ ለእኔ።

ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ከሰሉ ጉንጭ ሠራ፣
እስክሪብቶው አንገት፤ አፈሩ ከንፈር ላይ አበራ።
ብናኙን በነጩ ቅንድቡ ላይ ዘራሁ፣
ሽፋሽፍቱ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነካሁ።

የቀረው አንድ ነጥብ፣ ዐይን ውስጥ የምትኖር፣
ወይ መስኮት፣ ወይ መብራት፣ ያን ሰዓት ያየው የነበር።
ያቺ ከሌለች ፊቱ ፊት አይሆንም፤
እርሳሱን ቀረጽኩት፣ እጄ ግን አልሄደም።
ብርሃኑ ከየት ነው? በራችን ምሥራቅ ያያል፣
እሱ ሲገባ ግን ሁልጊዜ መሽቶ ይሆናል።
እንግዲያ ኩራዝ ነው። ማን ያዘው? እኔ ነኝ? ወንድሜ?
በቀኙ ነው? በግራው? የት ጋ ነበርኩ ቆሜ?

እርሳሱን እንደገና ቀረጽኩት።