የአንድ ብር ቀዳዳ

ሚያዝያ ሊወጣ አራት ቀን ቀረ፣
ሰማዩም በአዘዞ በኩል ጠቆረ፤
መጋዜን አውርጄ ሞረድ አቀመስኩት፣
የአምናውን ሣጥን ከጥዱ ፈታሁት።

ልጄ ዝማም ክዳኑን ደግፋ፣
እኔ በቢላ ጫፍ ውስጡን ሳራግፍ፣
ጭድ ወጣ፣ የዶሮ ላባ፣ የነጠላ ቁጨት፣
የማን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ዘለላ ጠጉር የሴት፣
ከሁሉም በታች
አንዲት ያልተፈለፈለች እንቁላል፣
ሲያነሷት ቀላል።
«አባዬ፣ እናቷ ረስታት ነው?» አለችኝ።
መዶሻ ፈለግሁኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከቀሃ ወንዝ ማዶ፣
የአንድ አሮጌ ግንብ እድሳት ለእኔ ወርዶ፣
ክፍያው በካሬ ነው፣ ስንጥቁን ድፈን አሉኝ፤
ደፈንኩት። በዚህስ ማንም አያማኝ፤
ማንኪያዬ ፈጣን ነው፣ እጄም የሰለጠነ፣
ጣት የሚያስገባ ሽንቁር ሁሉ ተደፈነ።
«መስተዋት አስመሰልከው!» ብለው ጨበጡኝ፤
በማግሥቱ ጧት ወፎቹ መጡብኝ።

ሣር በአፋቸው ይዘው
ይመጣሉ፣ ግንቡን በደረት ይነካሉ፣ ይመለሳሉ፣
ደግሞ ይመጣሉ፣
ያችኑ፣ በር የነበረባትን ቦታ፣
ባለቤቱ መልቀቁን ያልሰማ እንግዳ ደጅ እንደሚመታ።

ሒሳቤን ተቀበልኩ። ዘይት ገዛሁበት።
በልተን ከረምንበት።

እንግዲህ በየዓመቱ፣ ዝናቡ ሳይቀድመኝ፣
ይህን እሠራለሁ፤ ማንም አላዘዘኝ።
ጣውላው ከቅዳሜ ገበያ፣
የብርቱካን ሣጥን፤ የጎማ ቁራጭ ለማጠፊያ፤
ገሚሱም የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የተሰበረ፣
«ማሩ» የሚል ስም በምላጭ የተጫረ።
ቀለም አልቀባውም፣ ሽታው ያባርራል፤
ወለሉን በምስማር አራት ቦታ እበሳለሁ፣ ውሃ ያሳልፋል።
ቀዳዳው መለኪያው አንድ ብር ሳንቲም ነው፤
ከሰፋ ቁራ አንገቱን ይሰዳል፣
ከጠበበ የእናት ደረት ይላጣል።
ዝማም በቁራጭ እርሳስ
ሳንቲሙን ትዞራለች፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ከተነሣችበት እስክትደርስ።

ዘበኛው ጋሼ ጥጋቡ መሰላል እየያዙልኝ
«ኪራዩን ስንት አልካቸው?» ብለው ሳቁብኝ።
ሰባት ሰቀልን፤
ጀርባቸው ለጣና ነፋስ፣ ፊታቸው ለፀሐይ መውጫ።
አንዱ ጠማማ ነው፣ ዝማም የመታችው፤
አምና ከስድስቱ እሱን ብቻ ነው ወፍ የመረጠችው።
ለምን እንደሆነ እንጃ፤
እኔ ቱምቢ የጣልኩበት ሁሉ ባዶውን ከረመ።

ማታ በግንቡ ሥር ሳልፍ ሥራዬን አያለሁ፤
ሰው አይስማኝ እንጂ
ስንጥቅ እፈልጋለሁ።