በር ገጣሚ

ስሙን ከነፋስ ነው የተዋሰ መኪና፣
ሸራ ከሚገፋው፣ ከባሕር ጎዳና።
ፎልከርት ግን የሚያውቀው ሌላ ነፋስ ነበር፣
ኤምደን ላይ የሚያድረው፣ ከወደቡ ዳር፤
ጨው ጨው የሚል፣ ፊት የሚገርፍ፣
ብስክሌት ከነሰዉ ቦይ የሚያራግፍ።

በሰባ ሰባት ነው፣ ገና በሃያ ዓመቱ፣
ከሄሪንግ ጀልባ ላይ የወረደ ከነአባቱ፤
ዓሣው ተመናምኖ፣ መረቡ ተሰቅሎ፣
ፋብሪካው ቆሟል "ሰው አምጡልኝ" ብሎ።
"ምን ታውቃለህ?" ሲሉት፣ አቀርቅሮ በሃፍረት፣
"መረብ መጠገን" አለ። በር አስገጠሙት።

የኋላ ግራ በር።
ሌላ የለም፤ ይኸው ነው ድርሻው፣
ከደወል መነሻው እስከ ደወል መድረሻው።
ማጠፊያ፣ ብሎን፣ ጎማ፤ ከዚያ በመዳፉ
ገፋ አድርጎ ያደምጣል፣ ትንፋሽ ይዞ በአፉ።
"ቋ" ካለ ይፈታል፣ ሀ ይላል ደግሞ፤
"ግጥም" ካለ ያልፋል፣ ከንፈሩን ገጥሞ።

በእኔ ቋንቋ፣ ፎልከርት፣ ገጣሚ ነው ስምህ፤
ቤት መምታት ነው ሥራህ፣ ብረት ነው ቃልህ።
(እኔም ይኸው አለሁ፣ ማታ ማታ ስለፋ፣
ቋ ያለውን ስፈታ፣ መልሼ ስገፋ።)

በሩ ያው በር ሲሆን፣ መኪናው መልኩን ለወጠ፦
መጀመሪያ ቀጭን፣ ጀርባው ሸርተት ያለ፣
ቀጥሎ ማዕዘን፣ ሣጥን የመሰለ፤
በሰማንያ ስምንት አፍንጫውን አጣ፣
ሰው ሳቀ፦ "ይህ ደግሞ በምን ሊተነፍስ መጣ?"
ሣቁ ሳያባራ ገዛው ተሰልፎ፣
ልጆች ኋላ አጭቆ፣ ድንኳን ጣራው ላይ አሳርፎ፣
አልፕስን ተሻግሮ፣ ጣሊያን ለመዝናናት፤
"ደረስን ወይ?" ይላል ልጅ፣ "ቅርብ ነው" ትላለች እናት።
ግንቡ ሲፈርስ ጊዜ ከምሥራቅ የመጣው
"አሮጌም ቢሆን" አለ፣ ማርኩን ቆጥሮ አወጣው።

ፎልከርትም አንድ ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባል።
ልጁን ታልከን "ቀስ!" ይላል፣ በሩን ስትወረውር፤
"በር እንጂ ድንጋይ ነው?" ከሻዩ ሳይዞር።
ሻዩን እንደ አገሩ አያማስለውም፤
ድንጋይ ስኳሩ ሲሰነጠቅ
ያንንም ያደምጣል።

ከዚያ ያ መከረኛ ዓመት። ሞተሩ ዋሸ፣
በምርመራ ፊት ጢሱን እያሸሸ።
ታልከ ከዩኒቨርሲቲ ደወለች፦ "አባዬ፣
ታውቁ ነበር?" ዝም አለ። "እኔ በር ነኝ፣ ልጅዬ።"
ደግሞ ቆየና፣ "በሩ አልዋሸም" አለ።
ስልኩ እስኪዘጋ ግን ቋ የሚል ነገር አለ።

አሁን ብራቲስላቫ ነው የሚሠራው፣
ኤምደን ላይ የባትሪ ሆኗል ተራው።
ጡረታ ወጥቷል። ሱቅ ሲሄድ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣
አንድ ያረጀ ፓሳት በሩ ገርበብ ብሎ ሲያይ፣
የኋላ ግራ፣
በመዳፉ ገፋው። ግጥም።
ከፊት የነበረች ሴት በመስታወት አፈጠጠች።
"ነፋስ እንዳይገባ" አላት። መስኮቷን ዘጋች።

ምን ሊገዛ መጥቶ ነው? ቆመ፣ ከነፋሱ መሐል።
ክሬም ነበር፣ ለሻዩ። ክሬም ነበር መሰል።