ከሐምራዊ ማዶ

ሁፉፍ ላይ ፀሐይዋ፣ ከቴምር ማሳ ኋላ፣ ስትገባ ጠብቄ፣
የጓንቴን አንገት፣ ከእጅጌዬ በላይ፣ ጎትቼ አጥብቄ፣
ጥቁሩን መነጽር፣ እንደ ዐይነ ርግብ፣ ፊቴ ላይ አውርጄ፣
እገባለሁ ማታ፣ ብርሃን ልጠብቅ፣ ጨለማ ለምጄ።

ድሮ በጋዝ ነበር።
ክምሩ ሸራ ለብሶ፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት፣ ታፍኖ ይሰነብታል፤
በሩን የከፈተ፣ ነጭ ሽንኩርት መሳይ፣ ጠረን ይቀበላል።
ሸራ ገፋፊው፣ የኔፓሉ ልጅ፣ ቲካራም የሚሉት፣
ሳቁን ሳል በላበት።
አቡ ራካን ሲሸኘው፣ አንድ ካርቶን ኸላስ አስያዘው፤
ያሳለውን ፍሬ ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ እየሳለ ሄደ።

ከዚያ መብራቱ መጣ።
ሻጂ፣ ቴክኒሺያኑ፣ የኬረላ ሰው ነው፤ ዐረብኛው እንደኔ ሰባራ፦
«ቀስተ ደመና ላይ፣ ሐምራዊው ያልቅ የለ?
ይሄ ከዚያ ማዶ ነው፣ ዐይን ከማይደርስበት።
ይሄ ሰማያዊ፣ ብልጭ የሚልብሽ፣ ጭራው ብቻ ነው።
የብልን እንቁላል ከነውስጡ ያደርቃል። ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው።
አንድ ነገር ግን አለ፤ ያላየውን አይገድል።
ከፍሬው ቆብ ሥር ጥላ ያገኘች እንቁላል፣
ነገ ትል ናት፣ ከነገ ወዲያ ክንፍ።
ብርሃኑ ሞኝ ነው፣ ሉባባ፤ ዞሮ አያይም። አንቺ አዙሪለት።»

አዞራለሁ።
ኸላሱን በጀርባው፣ ኸላሱን በሆዱ፣ ቆቡን ወደ ላይ፣
ጨቅላ እንደሚያጥብ ሰው፣ ብብቱን አንገቱን፣ እጥፋቱን ሲያይ።
ትሪ ይገባል፣ ትሪ ይወጣል፣ ቀበቶው አይቆምም፤
ጓንቴ ማር ይጠግባል፣ አፌ ግን አይቀምስም።

አንድ ሌሊት ጓንቴ፣ ከእጅጌዬ ሸሽቶ፣
ጣት የምታህል ቆዳ አሳየ፤
ብርሃኑም አየ።
ጠዋት ቀይ አምባር፣ ሳልገዛው ያሰርኩት፣
አንጓዬ ላይ ሳምንት ቆየ።

በበሩ ላይ ደግሞ ሌላ መብራት አለ፤ ዘመዱ ነው የዚህ፣ ፊቱ ግን የዋህ ነው።
አይገድልም እሱ። ይጠራል። ከሥሩ ሙጫ አንጥፎ ይጠራል።
ጎሕ ሲቀድ እቆጥራለሁ፣ በደብተር እጽፋለሁ፦
ማክሰኞ አርባ አንድ። ረቡዕ አሥራ ሰባት። ሐሙስ፣ አቧራ ነበር፣ ሁለት።
ክንፋቸው ሙጫው ላይ ዐመድ ይመስላል።
የኛ አገር ደላላም፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር የሚለብሰው።

እህቴ ከከሚሴ ደውላ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።
«ብል ነው የምገድል» ብል፣ ሳቀች፣ ሳቋ አላልቅ አለ።
«በምን?»
«በብርሃን።»
ዝም አለች ትንሽ። «እንግዲያው ጭልፋ ሙሉ፣ ላኪልን ከሱ፤
የዘንድሮ ማሽላ፣ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ዱቄት ሆኗል ራሱ።»
ብርሃን በሐዋላ አይሄድም፤
ብሩን ላክሁላት፣ የተረፈው ፊደል እዚሁ ቀረ።

የረመዳን መባቻ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ አዛን ስንጠብቅ፣
አቡ ራካን መጣ፣ ካርቶን ከፈተና ከመሀል መረጠ፤
አዛኑ ሲጀምር፣ ፍሬዋን በሁለት አውራ ጣቱ ሰነጠቀ፣
ወደ አምፖሉ አንሥቶ ውስጧን እያየ ቆየ።
ሻጂ ከፋው፦ «ባባ፣ ንጹሕ ነው እኮ፣ በብርሃኑ አልፏል!»
ሽማግሌው ሳቀ፦ «ዐውቃለሁ። አባቴ ሳይከፍት ጎርሶ አያውቅም ነበር።»
ጎረሰ።

እኔም የኔን ከፈትኩ።
ከቆቧ ሥር፣ ከጨው ቅንጣት ያነሰች፣ የደረቀች ነጥብ።
ብርሃኑ ይሁን የደረሰባት፣ ያዞራት እጄ፣ ማን ይነግረኛል፤
በጥፍሬ ገፋኋት፣
ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ።